ከአንድ ስንዝር በታች

በኮሮናው ጊዜ አማን ውስጥ የሰዓት ሠራተኛ ነበርኩ። ሰኞ ዴር ግባር፣ ማክሰኞ ስዌፍየህ፣ ሌላውን ቀን ደግሞ የጠራኝ ቤት እሄዳለሁ። ጠርጌ፣ ወልውዬ፣ ማታ በሰርቪስ ታክሲ ወደ መሐል አማን እወርድና ከወሎዬዋ ጓደኛዬ ጋር ወደተከራየናት አንዲት ክፍል እገባለሁ። ሥራሽን ባጭሩ ንገሪን ካላችሁኝ፣ ከሰው ቤት አፈር ማስወጣት ነበር። አቧራው ከበረሃ ይመጣል፣ እኔ አስወጣዋለሁ፣ ስመለስ ደግሞ ቀድሞኝ ገብቶ ይጠብቀኛል። ተላምደን ነበር።

የሰኞዋ አሠሪዬ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ማማ ነበር የምላቸው። ዐረብኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በአማርኛ ሳወራ እሳቸውን «እሷ» ለማለት አፌ እሺ አይለኝም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከልጆቻቸው አማን ያለው አንዱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ባሕር ማዶ ናቸው። ከተማው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ የተናፈሰ ቀን ደወሉልኝ።

«ቢንቲ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «እዚህ አራት ግድግዳ መሃል አልታሸግም። መዝረዓው ሄጄ እቀመጣለሁ። ጠባቂው ግብፅ ቤተሰቡን ሊጠይቅ እንደሄደ በረራ ቆሞበታል። አብረሽኝ ነይ።»

«ጓደኛዬስ?»

«እሷንም ይዘሻት ነይ። ሰው በዛብኝ ብዬ አላውቅም።»

መዝረዓ እርሻ ነው። እኔ ደግሞ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ እርሻ ሲባል ፊቴ የሚመጣው እግር የሚውጥ ጥቁር አፈር፣ ወንዝ፣ ለምለም ነገር ነው። ለጓደኛዬ «ተነሽ፣ ገጠር ልንገባ ነው» ብያት ልብሳችንን በፌስታል ቋጥረን ወጣን።

ልጃቸው በመኪናው አደረሰን። ሁላችንም ማስክ አድርገን፣ መስኮቱን ከፍተን፣ ማማ በረንዳቸው ላይ በትልቅ የዘይት ጣሳ ያሳደጓትን የበለስ ችግኝ እኔ ጭኔ ላይ አቅፌ። ከሳሃብ ወዲያ ሕንፃው እየሳሳ ሄደና ነጭ ሜዳ ሆነ። እቃ ስናወርድ ልጃቸው ለብቻዬ ጠራኝ። መሬቱን መጋዘን ሊሠራበት የሚፈልግ ሰው ማግኘቱን፣ መንገድ እንደተከፈተ እንደሚሸጡት ነገረኝ። «እዚህ ብትታመም ሐኪም ቤት ሩቅ ነው። እስከዚያ አደራ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ስለ እናቱ ፈርቶ ነው።

በነጋታው ሳይረን ጮኸ። ከዚያ በኋላ ሐዝር ነው፣ ማለትም ከቤት የወጣ ይያዛል። እኛ ግን ምን ተሰማን? ዙሪያችን ሜዳ፣ ከላያችን ሰማይ፣ ቤቱ ሁለት ክፍልና ሰፊ በረንዳ። መሐል አማን ያሉት ጓደኞቻችን ስልክ እየደወሉ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት መመላለስ ሰለቸን ሲሉ፣ እኛ በረንዳ ላይ እግራችንን ዘርግተን ሻይ እየጠጣን «አይዟችሁ» እንላለን። በሆዴ ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ጠዋት ነቅቼ «ዛሬ የማን ቤት ነው?» ሳልል የዋልኩት ያኔ ነው።

መሬቱ ግን ጉድ ነበር። ደረጃ ደረጃ ሆኖ ቁልቁል ይወርድና ታች ጠፍጣፋ ነጭ ጭቃ ያለበት ረባዳ ላይ ያበቃል። የማማ ባል ጡረታ ሲወጡ ነው የገዙት። ወይራ ተከሉ፣ ሞተባቸው። ደግመው ተከሉ፣ እሱም ሞተ። የደረቁት ጉቶዎች በረድፍ በረድፍ ቆመው ይታያሉ። ማማ እንደነገሩን ድሮ፣ ሰው የሚባል ሳይኖር፣ ያ ሁሉ ሐይቅ ነበር አሉ። ሐይቁ እየደረቀ ወደ ታች ሲሸሽ ዳር ዳሩን እንደ ደረጃ እየተወ ሄደ፤ እኛ የተቀመጥንበት አንዱ ደረጃ ላይ ነው።

«ባሌ ሁልጊዜ፣ ሐይቁ ሲሄድ በሩን ዘግቶብን ሄደ ይል ነበር» አሉን።

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ በለሷን ልተክል ዶማ ያነሳሁ ቀን ነው። ማማን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ «የጎጃም ልጅ ጉድጓድ ስትቆፍር አይተው አያውቁም፤ አሁን ያያሉ» ብዬ ቀሚሴን ሸብ አደረግኩ። አፈሩ ልል ነው፣ እንደ ዱቄት ይዛቃል። ገና አንድ ስንዝር ሳልወርድ ዶማው ጧ ብሎ ተመለሰብኝ። ጠረግ ሳደርገው ሲሚንቶ ነው። ክው አልኩ። አማን ውስጥ ብዙ ቤት ከግቢው ሥር የውሃ ጉድጓድ አለው፣ ከላዩ በሲሚንቶ የተደፈነ፤ የሰው የውሃ ጉድጓድ ጣሪያ በስቼ ገደል ልከታቸው ነው ብዬ ዶማውን ወረወርኩት።

«ማማ፣ ይቅርታ፣ ውሃው ላይ ነኝ መሰለኝ።»

ማማ ሳቁ። «ምን ውሃ አለ ብለሽ ነው። ይሄ ማንም ያልሠራው ሲሚንቶ ነው። ኖራው እየወረደ፣ እየደረቀ፣ ራሱን የገነባ። የትም ብትቆፍሪ እሱው ነው።»

እውነትም እዚያ ብቆፍር ጧ፣ እዚህ ብቆፍር ጧ። ጓደኛዬ በረንዳው ላይ ሆና፣ «የጎጃም ልጅ፣ ሐይቁ ገና አልደረሰሽም?» ትለኛለች። ልቤ እንዴት እንደተናደደ። መሬት ንቆኝ አያውቅማ።

ዛፎቹ የሞቱትም ለዚህ ነበር። ክረምት ሲዘንብ ውሃው ቅርፊቱ ላይ ይተኛና ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ያቺ ስንዝር አፈር በአንድ ሳምንት ትደርቃለች። ሥር ወደ ታች የሚያልፍበት የለውም። ባልየው ጉድጓድ በጫሩ ቁጥር ውሃ ሞልተው ያሳድሩ ነበር አሉ፤ ጠዋት ሲነሱ ውሃው እንደሞላ ነው። ውሃውን ሲያመላልስ የነበረው ይኸው ልጃቸው ነው። ትራክተር አስመጥተው ለማስፈልፈል ሲያስቡ ሞት ቀደማቸው።

ልጃቸው በየምሽቱ በቪዲዮ ይደውላል። አንድ ምሽት ማማ ስለ ቁፋሮዬ ሲነግሩት በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ኮስተር አለ።

«እናቴ፣ አባቴ ዕድሜውን የጨረሰበት ድንጋይ ነው። አልቅሰንለት እንተወው። ሰውየው እየጠበቀኝ ነው።»

«እዚህ እኖራለሁ ብዬሃለሁ።»

«ምን ላይ ነው የምትኖሪው? ድንጋይ ላይ?»

«ብንበሳውስ?»

«ያንን በስታችሁ ውሃ ወደ ታች ካሳለፋችሁ» አለ እየሳቀ፣ «ወላሂ ስለ ሽያጭ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

ማማ አልሳቁም። «ሰምታችኋል አይደል?» አሉን ወደ እኛ ዞረው። ሰምተናል አልናቸው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ «እዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኮ ሊፍቱ ሲወጣ ወደኔ ነው ብዬ ጆሮዬን እሰጣለሁ፤ ሁልጊዜ ወደ አራተኛ ያልፋል» አሉ። ስንት ሰኞ ቤታቸውን አጽድቼ፣ ሊፍቱ ሲያልፍ ሰምቼ፣ ይሄን አንድም ቀን አላሰብኩትም። ከዚያች ምሽት ወዲያ ጉድጓዱ የሻይ ላይ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ካልተበሳ ማማ ወደዚያ ሊፍት ይመለሳሉ፣ በቃ።

እንግዲህ ያደረግኩትን ስሙ። አማን ውስጥ ቤት ያጸዳ ሰው ኪልስን ያውቃል። ቧንቧ አፍ ላይ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሆድ ውስጥ የሚጋገር ነጭ ቅርፊት ነው። ውሃው ኖራ ስላለበት የማይነካው ነገር የለም። መድኃኒቱ ኮምጣጤ ነው። ታፈሱበታላችሁ፣ ትተዉታላችሁ፣ አረፋ እየደፈቀ ይለቃል። አንድ ጠዋት ማንቆርቆሪያውን እያጠብኩ ከውስጡ የወጣውን ቅርፊት ሳየው፣ ከጉድጓዱ የፈነቀልኩት ስባሪ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ስባሪውን አምጥቼ ኮምጣጤ ጠብ ሳደርግበት ቸስ ብሎ አረፋ ሆነ።

ጮኼ ጓደኛዬን ጠራኋት። «ኪልስ ነው! ይሄ ሁሉ መሬት እኮ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ነው።»

እሷ እንኳን ወትሮ የምታላግጥብኝ፣ አረፋውን ስታይ አመነች። ማማ ተኝተው ነበር። ጓዳ ውስጥ ለመኸለል፣ ማለት ኪያርና ቀይ ሥር ለሚዘፈዘፍበት፣ ያስቀመጡት አንድ ጀሪካን ኮምጣጤ አለ። አነሳነው። የሎሚ ጨውም ነበር፤ እሱንም። ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጥነው። ምን ልበላችሁ፣ መሬቱ ፈላ። አረፋው እስከ አፉ መጣ። ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ዘለልን። ነገ ማማ ሲነቁ ሥሩ ተበስቶ ሊያገኙት ነው፣ እኔም አንደኛዬን መሐንዲስ ሆኛለሁ።

በነጋታው ሦስታችንም ልናይ ሄድን። ጎንበስ አልኩ። ቅርፊቱ አንድ ጥፍር ያህል እንኳን አልወረደም። ግን አቤት ጽዳቱ። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ስዌፍየህ ያሉ መታጠቢያ ቤቶች የማያክሉት። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ያጸዳሁት ነገር የለም።

ማማ አንዴ ጉድጓዱን፣ አንዴ ባዶውን ጀሪካን፣ አንዴ እኔን አዩ። «አጠብሽው?» አሉኝ።

«በሰፊው ማማ።»

ወንበሩን ይዘው፣ ጎናቸውን ደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ስልካቸውን አምጥተው ፎቶ አነሱትና ባሕር ማዶ ላሉት ልጆቻቸው ሁሉ ላኩት። «ሠራተኛዬ በረሃውን እያጠበችልኝ ነው» ብለው። ሱቅ ዝግ ነው፣ ኮምጣጤ ከየት ይመጣል፤ የአትክልት መኪና ያመጣው ኪያር ያለ መኸለል በጨው ብቻ ተበላ። በየገበታው «ኮምጣጤው ቢኖር ኖሮ» እያሉ ገደሉኝ።

ሁዳዴ አልቆ ፋሲካም አለፈና ረመዳን ገባ። ማማና ጓደኛዬ ይጾማሉ፣ እኔ ጓዳ ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ እበላለሁ። ቁፋሮው ቀዝቅዞ ነበር። ከአማን በኩል መንገድ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ ይመጣል፣ ልጃቸውም ሰውየው እንደተስማማ ተናገረ። ማማ ያንን ከሰሙ ወዲህ ስለ ጉድጓዱ ማውራት ትተዋል። አንድ ቀን እቃቸውን ማጠፍ ጀምረው አየኋቸው። ያን ጊዜ ነው ጓዳ ገብቼ ያለቀስኩት። ለሳቸውም ለራሴም ነው፣ አልዋሽም።

ማማ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲዞር ወንበራቸውን ይዘው እየዞሩ አዛን እስኪል መሬት መሬት ያያሉ። እንደዚያ ተቀምጠው ሳለ ጠሩኝ።

«ነይማ። እነዚህ ጉንዳኖች ምንድን ነው የሚያወጡት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጉንዳኖቹ ጉድጓዳቸው አፍ ላይ አፈር እየከመሩ ነው።

«አፈር ነው ማማ።»

«አፈራችን ነጭ ነው። ይሄ ቢጫ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ግቢውን በየቀኑ እጠርጋለሁ፣ ያንን ክምርም ስንቴ ጠርጌ ጥዬዋለሁ፣ ቀለሙ ግን ዓይኔ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ማማ ቢጫውን አፈር መዳፋቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ሲነኩት፣ ከጤፍ ብዙም የማይበልጡ ነጫጭ የቀንድ አውጣ ቤቶች ወጡ። ጓደኛዬንም ጠራኋት። ቀንድ አውጣ ደረቅ መሬት ላይ ምን ይሠራል? ጉንዳኖቹ ከቅርፊቱ በታች እየገቡ የሐይቁን አፈር ነው የሚያወጡት። መግቢያ አግኝተዋል ማለት ነው።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ፣ የጾሙት ሱሑራቸውን በልተው፣ እኔም አብሬያቸው በልቼ፣ ጉንዳኖቹን ይቅርታ ጠይቀን ከአጠገባቸው ገባን። አንድ ስንዝር ስንወርድ ያው ቅርፊት፤ ግን ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ጠባቂው የተወውን ወፍራም የብረት ዘንግ አምጥተን ስንጥቁ ውስጥ ሰካነው። እኔ እመታለሁ፣ ሲደክመኝ ጓደኛዬ ትቀበለኛለች። በጾም አፏ እንዳትሠራ ብለምናት፣ «አርፈሽ ምቺ፣ ያንቺን ኮምጣጤ ዕዳ ነው የምከፍለው» አለችኝ። ፀሐይ ሲበረታ እናቆማለን፣ ጠዋት እንደገና። ፍንካች እየፈነቀልን፣ እጃችን ውሃ እየቋጠረ። ጧ የሚለው ድምፅ ውስጤ ገብቶ ተኝቼም ይሰማኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ማማ ዘንጉን ስጡኝ አሉ። ኧረ ይተዉ አልናቸው። አልሰሙንም። በዚያ ጉልበታቸው ቆመው፣ እኛ ከጎንና ከጎን ይዘናቸው፣ ሦስታችን አንድ ዘንግ አነሳን፣ ለቀቅነው። ጧ አላለም። ዱብ አለ። ዘንጉ ግማሹ ድረስ ገባና እኔ የምደገፈው አጥቼ በግንባሬ ጉድጓዱ ውስጥ ተደፋሁ።

ቀና ስል ፊቴ ሁሉ ቢጫ አፈር ነው። ቀዝቃዛ። እርጥብ። በዚያ ጠራራ አገር እርጥብ አፈር ፊቴን ነካኝ። ጓደኛዬ እልልታዋን አቀለጠችው፣ የወሎውን። ማማም ምላሳቸውን አዙረው የራሳቸውን አገር እልልታ ለቀቁት። ያንዷ ሲያልቅ ያንዷ ይቀጥላል። እኔ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብዬ አፈሩን በሁለት እጄ እየዘገንኩ እስቃለሁ። ሰው ከመንግሥተ ሰማያት በፊት ይሄን ያህል ደስ ይለዋል ብዬ አላስብም ነበር።

ጓደኛዬ ወዲያው ውሃ ልናፈስና ልናይ ፈለገች። ማማ ከለከሉ። «ልጄ ባለበት ነው። ብቻችንን ብናየው አያምነንም፤ እኔም ካልሰረገ ብቻዬን ማየት አልችልም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪመጣ ድረስ ጉድጓዱን በላስቲክ ሸፈንነው፣ ማናችንም ስለ ውሃ አላነሳንም።

መንገድ ሲፈቀድ ልጃቸው መጣ። ገዢው በራሱ መኪና ከኋላ እየመጣ መሆኑን ገና ሳይቀመጥ ተናገረ። ማማ አልተቆጡም። እጁን ይዘው ወሰዱትና ላስቲኩን አነሱለት። ቆሞ አየው። እኔ አንድ ጀሪካን ውሃ አቀረብኩለት።

«የአባትህን ፈተና አንተው ፈትነው» አሉት።

ማስኩን ወደ አገጩ አወረደና ጀሪካኑን ሁሉንም ገለበጠው። ውሃው ደፈረሰ። ቆመ። እኔ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ጓደኛዬ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ እያደረገች ነው። ውሃው ንቅንቅ አላለም። ማማ ዓይናቸውን ከጉድጓዱ ላይ አንስተው ወደ ደረቁት ጉቶዎች ዞሩ። ልጃቸው ፊት ላይ ያየሁት ድል አይደለም፤ እሱም እንዲሰርግ ይፈልግ ነበር መሰለኝ።

አንድ አረፋ ብቅ አለች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ውሃው መሃል ላይ ጎድጎድ አለና መዞር ጀመረ፣ ዕቃ ማጠቢያ ሲከፈት እንደሚዞረው፤ ጉሮሮው ጓጓ አለና እልም። ከሥሩ ጭቃ ብቻ ቀረ።

«ድገመው» አሉ ማማ።

ራሱ ሮጦ ሞልቶ አመጣ። አፈሰሰው። ሄደ። ሌላ አመጣ። እሱም ሄደ። ሸሚዙ ረጥቦ፣ ጫማው በጭቃ ተለውሶ፣ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበረከከና እጁን እስከ ትከሻው ሰደደው። እዚያው እንደሆነ ስልኩ ጠራ። በሌላው እጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነሳው። ገዢው ነው። ዋናው መንገድ ላይ ደርሻለሁ፣ በየት በኩል ልዙር ይላል።

«አትድከም፣» አለው ልጃቸው። «መሬቱ ተይዟል።»

«ተይዟል? ማን ያዘው?»

እጁን ከጉድጓዱ ሳያወጣ ቀና ብሎ አያቸው።

«እናቴ።»